በቆርቆሮ ሰፈር ገንዳ ዳር

ሟቹ ጭቃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ምክትል ኢንስፔክተር የትምወርቅ ገብረማርያምን ግን መጀመሪያ ያስገረማት ሬሳው ሳይሆን ጭቃው ነው። ጠዋት ከሶዶ ተነስታ፣ ዲምቱን አልፋ ወደ ብላቴ ቆላ እስክትወርድ ድረስ ከመኪናው መስኮት ያየችው ሁሉ፣ ዛፉም ሰዉም ከብቱም፣ አቧራ ለብሶ ነበር። በልጉ አልገባም። ያለፈው ዓመት በልግም እንዲሁ ደመና አሳይቶ ነው የሄደው። በዚህ አገር አንድ ሰው ፊቱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ መገኘቱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

«ውሃ አጥቶ ሰው ሞተ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን ፋኑኤል፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ እየገፋ። «ይሄኛው ተገልብጧል።»

«ቀልዱን ለመልስ ጉዞ አቆየው» አለችው።

መንደሩ ከአባያ ሐይቅ ዳር ከብት እየነዱ የኖሩ ቤተሰቦች «አንድ ቦታ እረፉ» ተብለው የሰፈሩበት ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ክዳናቸውም ቆርቆሮ ስለሆነ የአካባቢው ገበሬዎች «ቆርቆሮ ሰፈር» ይሉታል፤ ሲሉትም ከንፈራቸውን ገልበጥ አድርገው ነው። መንደሩን ያቆመው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ወደ ታንከር እየሳበ ለሰው በቧንቧ፣ ለከብት በሲሚንቶ ገንዳ ያወርዳል። ጉድጓዱ ለሰፋሪዎቹ ተብሎ ቢቆፈርም ብላቴ ሲጎድል ገበሬዎቹም ተጠጉት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች ሰላምታ አቁመዋል።

ሟቹ ሄኖክ የፓምፑ ተቆጣጣሪ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። የጤና ባለሙያው እንዳለው የሞተው ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ገደማ ሲሆን፣ ያገኙት ጠዋት ጄሪካን ይዘው የመጡ ሴቶች ናቸው። ከጎኑ አንገቱ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ረጅም የእረኛ በትር ወድቋል። የግቢው ሽቦ አጥር በአንድ በኩል ተጎትቶ ፈርሷል። ከዚያ እስከ ገንዳው ድረስ መሬቱ በከብት ኮቴ ተረግጧል። የገንዳው ቧንቧ ተከፍቶ አድሮ ኖሮ የታንከሩ ውሃ ሞልቶ ፈስሷል፤ ጭቃው የመጣው ከዚያ ነው።

የገበሬዎቹ ተወካይና የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኤልሳዕ ሚሊሻዎቹን አስከትሎ ቆሟል። አማርኛን በገበያና በቢሮ የለመደ ሰው ስለሆነ ሴትና ወንድ ቢያቀላቅል ግድ አይሰጠውም፤ የትምወርቅም አላረመችውም።

«ምን ይመረመራል?» አላት። «በትሩ የማዴቦ ነው፣ የሰፋሪዎቹ ሽማግሌ። ከብቱን አስገባ፣ አጠጣ። ሄኖክ ሲከለክል መታው። ይዘን መጋዘን ቆልፈንበታል። አንተ ፈርመህ ውሰደው፤ የቀረው ሥራ የኛ ነው።»

«የእናንተ ሥራ ምንድን ነው?»

«ሰፋሪው ጠቅልሎ እስኪሄድ ገንዳው አይከፈትም። ጠዋት ቧንቧው ላይ ተሰክቶ ያገኘሁት ቁልፍ እኔ ኪስ ነው።»

ከአጥሩ ውጭ የሰፋሪዎቹ ከብቶች የጭቃውን ሽታ ይዘው ተደርድረዋል። የጎድን አጥንታቸው በሩቅ ይቆጠራል። ሄኖክ ገንዳውን ከዘጋ ቀናት አልፈዋል፤ «የጉድጓዱ ውሃ ቀንሷል፣ ሰው ይቅደም» ብሎ ነው የዘጋው። አንዲት ላም በጉልበቷ ወደቀች። ሚሊሻዎቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ የሰፋሪዎቹ ወጣቶች ደግሞ ድንጋይ ይዘው ማዶ ቆመዋል። ማዴቦን ይዛ ብትሄድ ከብቶቹ ያልቃሉ፣ ሳትይዝ ብትሄድ ሰው ያልቃል። የትምወርቅ ሰዓቷን አየች። እስከ ማታ የሚቆይ ትዕግሥት እዚህ ሜዳ ላይ የለም።

ወደ ዱካው ጎንበስ አለች። ጭቃው በፀሐይ ደርቆ ኮቴዎቹን እንደ ሸክላ ይዟቸዋል። ከፈረሰው አጥር ገብተው ገንዳው ድረስ ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ሁሉም ትልልቅ ናቸው። ቆም አለችና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ተከተለችው፤ ከዚያ ተቀምጣ በቀጭን እንጨት እበት መገልበጥ ጀመረች። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ገና አረንጓዴ ነው።

«ኢንስፔክተር» አለ ፋኑኤል፣ «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄንን ነው?»

«አይ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር የምናገላብጠው። የዚህኛው ሽታ ይሻላል።»

ኤልሳዕ የትናንቱን ስብሰባ ነገራት። ዛሬ ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች መጥተው ሰፈራውን ሊጎበኙ ቀጠሮ ነበር፤ ሞቱ ሲሰማ ነው የቀረው። ለዚሁ መሰናዶ ትናንት ከሰዓት የአዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ መድረክ ላይ ሆኖ የመራው የሰፈራው አስተባባሪ ኪሩቤል ነበር። ጠብ ተፈርቶ የሰፋሪዎቹ በትር ሁሉ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ እንዲደገፍ ተደረገ። ማዴቦ ገንዳው ይከፈት ሲል ሄኖክ እምቢ አለ፤ ማዴቦም «ላሜ ከሞተች አንተም ውሃ አትጠጣም» ብሎት ረግጦ ወጣ። ከዚያ ሄኖክ ተነስቶ አንድ ነገር ተናገረ። ኤልሳዕ ቃል በቃል ያስታውሰዋል፦ «ነገ እንግዶቹ ሲመጡ ውሃው የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ።»

«ለማን ነው ያለው?»

«ለነሱ ነዋ! በድብቅ ከብት ያጠጣሉ። ሄኖክ ያውቃል።»

የኤልሳዕን በሬ ለማየት ጠየቀችው። ተቆጣ፤ ግን ወሰዳት። ቤቱ ደጃፍ አንድ በሬ ብቻውን የደረቀ የበቆሎ አገዳ ያኝካል። የቀንበር ጓደኛው ጥር ላይ ሞቷል። «ለማረስ የጎረቤት በሬ እለምናለሁ» አለ ኤልሳዕ፣ ሲናገር ወደ ሌላ እያየ። «የጎረቤቴም እንደዚህ ነው። አገሩ በሙሉ እንደዚህ ነው።» እበቱን አየች፤ ገለባ የመሰለ፣ ቢጫ ነገር ነው።

*

ማሚቱ ዲምቱ ላይ ሱቅ ያላት፣ አባቷ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ ነጋዴ ናት። ከሰፈሩ ጥግ ለፋሲካ ገበያ በሬ ታደልባለች። በሬዎቿ በአጭር ገመድ ታስረው ፉርሽካ ይበላሉ፤ እበታቸው እንደ ሊጥ ነጣ ያለ ነው። ከሄኖክ ጋር ተጣልታ እንደነበር ሳትጠየቅ ተናገረች፤ ለበሬዎቿ የምትወስደውን የበርሜል ውሃ ካቋረጠባት ሰንብቷል።

«ስብሰባው ላይ ‹ውሃው የት እንደሚሄድ አሳያለሁ› ሲል እኔን መስሎኝ ደሜ ፈላ» አለች። «ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር።»

«ታዲያ ገደልሽው?»

ማሚቱ ሳቀች። «ልጄ፣ እኔ ብሆን ከመሞቱ በፊት በርሜሌን አስሞላው ነበር።»

በሬዎቹ አጥሩን አልፈው ገንዳው ድረስ ሊሄዱ ይችሉ እንደሆነ የትምወርቅ ጠየቀቻት። ማሚቱ አንዱን በመዳፏ ጠበጠበችው። ከመጡ ጀምሮ ከዚህ ገመድ እንዳልተፈቱ፣ እግራቸው መሄድ እንደረሳ፣ ገበያም የሚሄዱት በአይሱዙ እንደሆነ ነገረቻት። የትምወርቅ በገመዱ ልክ የተረገጠውን ክብ መሬት አይታ አመነቻት።

ማዴቦ ከታሰረበት መጋዘን ውስጥ ቆሞ ነው የጠበቃቸው። ፋኑኤል «አዋ» ብሎ፣ አባቱን እንደሚጠራ፣ በወላይትኛ ሰላም አለው። ሽማግሌው የሰላምታውን ግማሽ ብቻ መለሰ። ዛቻውን አልካደም። ስለ በትሩ ሲጠየቅ፣ ተናድዶ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ረስቶት እንደሄደ፣ ማታ አስታውሶ ሲመለስ ግን ሰዉም በትሩም እንዳልነበሩ አስረዳ። የት እንደነበርክ ያየ አለ ወይ ሲባል፣ ከከብት በቀር ማንም እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ ፊቱን ወደ የትምወርቅ መልሶ ቀስ ብሎ አንድ ነገር አላት።

«ምን አለ?»

ፋኑኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ከፈለግሽ ገደልሁ እልልሻለሁ። ዛሬውኑ ገንዳውን ክፈቺላቸው› ነው የሚለው።»

«እንዲህ ያለ ቃል አልቀበልም በለው። ድጋሚም እንዳይለው፤ ደጅ ያለው ሚሊሻ አማርኛም ወላይትኛም ይሰማል።»

*

ብላቴ በዚያ ወር ወንዝ ለመባል የሚያበቃው ነገር አልነበረውም። አሸዋው መሃል እዚህም እዚያም ኩሬ ያብረቀርቃል። የማዴቦ ልጅ ሶሲ ጉልበቷ ድረስ ጉድጓድ ገብታ በጣሳ አሸዋ ትዝቃለች፤ ጣሳ ሙሉ ደፍራሽ ውሃ እስኪጠራቀም ሁለት ጥጆች ከላይዋ ቆመው ይጠብቃሉ። አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማረች ናት፤ አማርኛዋ ፈጣንና ሹል ነው። ሥራዋን ሳታቆም ተናገረች።

«ቤት ስጡን አላልንም። ‹ከብት ቀንሱ፣ እረፉ፣ ልጆቻችሁ ይማሩ፣ ውሃው ደጃችሁ ይመጣል› አላችሁን። አመንን። አሁን ውሃው ደጃችን መጣና ቁልፉ በሰው ኪስ ገባ። አባቴ ሐይቁ ዳር ሳለ ለመጠጣት ማንንም ቁልፍ ጠይቆ አያውቅም።»

«እኔ ያልኩሽ ነገር የለም» አለች የትምወርቅ። «አሁን የምጠይቅሽ ስለ ጥጆች ነው። ገንዳ ስትደርሱ ማን ይቀድማል?»

ሶሲ ቀና አለች። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መስሏታል። «ጥጃ ነዋ። ትልቁ ከቀደመ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ጥጃውንም ይረግጠዋል። በእኛ ዘንድ ጥጃ ሳያጠጣ ላም ያስቀደመ ሰው ሚስት አያገኝም።»

«በሌሊት ተሰርቆ ቢጠጣስ? በጥድፊያ?»

«በሌሊትስ ጥጃ አይጠማውም?»

የከብቶቹ እበት አሸዋው ላይ ተበትኗል። የትምወርቅ በጫማዋ አንዱን ሰበረችው፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ በግራር ፍሬ የተሞላ ነው። ሣር ካለቀ ወዲህ ከብቶቹ የሚኖሩት ከዛፍ በሚረግፍ ፍሬ ነው። ዓይኗን ስታነሳ ከዳገቱ ላይ አንድ ወፍራም ሰማያዊ የውሃ ጎማ ተንጠልጥሎ አየች። ጫፉ ከኩሬዎቹ በጣም ርቆ ደረቅ አሸዋ ላይ ተጋድሟል። አፉ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታለች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኪሩቤል። በጄኔሬተር ለሰርቶ ማሳያ እርሻው ውሃ የሚስብበት ነው።» ሶሲ ወደ ጉድጓዷ ተመለሰች። «ድሮ ይስብበት ነበር።»

*

ኪሩቤል የሰፈራ ፕሮግራሙ አስተባባሪ ነው፤ ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ ንግግሩ የተስተካከለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። የትምወርቅን እንደ ባለሥልጣን እንግዳ ነው የተቀበላት። ሰርቶ ማሳያው በኬሻ አጥር ተጋርዷል። በሩን ከፍቶ ሲያስገባት ዓይኗ ለአፍታ ታመመ፤ ከዚያ ሁሉ ቡናማና ነጭ በኋላ የሰው ቁመት ያህል የበቀለ የዝሆን ሣር ውስጥ ገባች። አረንጓዴነቱ ይጮሃል።

«እንግዶቹ ሊጎበኙ የነበሩት ይሄንን ነው» አለ። «እረኛው ከብት ይዞ መዞሩን ትቶ፣ ሣር አልምቶ፣ በሬ ጠምዶ እንዲኖር ማሳመን ቀላል አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ካላዩ አያምኑም። እኔ አሳየኋቸው።»

ከሣሩ ጀርባ ሁለት ቀያይ የእርሻ በሬዎች ቆመዋል። ኪሩቤል ሣር ሲያጭድላቸው ወደ እሱ መጡ፤ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። ግራው ሲያዘግም ቀኙ ጠበቀው። የትምወርቅ ፊታቸውን አየች፣ ከዚያ ሆዳቸውን፣ ከዚያ እግራቸውን። እግራቸው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች።

«ሣሩ ውሃ ከየት ያገኛል?»

«ከብላቴ፣ በጄኔሬተር ነው የምንስበው።»

«በሬዎቹስ ከዚህ ይወጣሉ?»

«ከታረሰ ወዲህ አልወጡም። የበሩ ቁልፍ በእኔ እጅ ብቻ ነው» አለ፣ ኪሱን እየነካ። «ለማንም አልሰጥም፤ ሣሩን ይጨርሱታል።»

«ሄኖክ ውሃው የት እንደሚሄድ አሳያለሁ ያለው ለማን ይመስልሃል?»

ኪሩቤል ተከዘ። «ሟችን መውቀስ አልፈልግም። ገበሬዎቹ ከዋናው መስመር እየቀጠሉ እንደሚሰርቁ ደርሶበት ነበር። ግን ከኤልሳዕ ጋር አይደለም ችግርዎ፤ ችግሩ ማዴቦ ጋር ነው። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ምን ያህል እንደደከምኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይህን ስል ልቤ እየደማ ነው። ይዘውት ቢሄዱ ይሻላል። እዚህ ከቆየ ደም ይፈሳል።»

አመስግናው ወጣች። ከኬሻው አጥር ውጭ ፋኑኤልን ጠርታ አካፋ እንዲያፈላልግና በፓምፑ ቤትና በሰርቶ ማሳያው መካከል ያለውን መሬት፣ አፈሩ የላላበትን ቦታ መርጦ፣ እንዲቆፍር አዘዘችው።

«ምን እየፈለግሁ ነው?»

«ስታገኘው ታውቀዋለህ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ የወሰደበትን መንገድ ግን አይደብቅም።»

*

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁሉም ገንዳው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ገበሬዎቹ በአንድ ወገን፣ ሰፋሪዎቹ በሌላው። ማዴቦ በሁለት ሚሊሻ መካከል ቆሟል። ሶሲ እጇ ላይ የወንዙ አሸዋ ደርቋል። ማሚቱ ጥላዋን ዘርግታለች። ኤልሳዕ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ኪሩቤል የመጨረሻው ሆኖ መጣ፤ ፋኑኤልም ከኋላው ሁለቱን ቀያይ በሬዎች እየነዳ።

«በሬዎቼን ማን ፈቀደልህ?»

«እኔ» አለች የትምወርቅ። «በሩን ከፍተህ ስትወጣ ያዝናቸው። አሁን ሁላችሁም አንድ ነገር እዩልኝ።»

ከመኪናው ጄሪካን አወረደችና ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው።

ከሁለቱም ወገን ጩኸት ተነሳ። አንዲት ገበሬ ሴት በወላይትኛ ረገመቻት፤ ከሰፋሪዎቹ በኩል ድንጋይ በአየር አለፈ። የትምወርቅ አልዞረችም። ፋኑኤል በሬዎቹን እርጥቡ መሬት ላይ ነዳቸው፤ ሄዱ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው አብረው ዞረው ተመለሱ። ትተውት የሄዱት ዱካ ሁለት ትይዩ መስመር ነው፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት አልጠበበም፣ አልሰፋም።

«አሁን የሌሊቱን ዱካ እዩ» አለች፣ ወደ ደረቀው ጭቃ እያሳየች። «አቶ ኤልሳዕ፣ አንተ ገበሬ ነህ። አንብብልኝ።»

ኤልሳዕ ሳይወድ ጎንበስ አለ።  ዱካውን ተከትሎ እስከ ገንዳው ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ጥማድ ነው» አለ። «ሁለት በሬ ነው። ደጋግሞ ነው የሄደው። መንጋ አይደለም።»

«የታረሰበት በሬ ቀንበር ቢወርድለትም ጓደኛውን አይለቅም። ጫፍ ሲደርስ እንደ ትልም ይዞራል» አለች። «አንድ ሰው የመንጋ ዱካ ለመሥራት ሁለት የእርሻ በሬዎችን ወዲያና ወዲህ ነዳ። ሁለተኛ ነገር፤ እዚህ የጥጃ ኮቴ የለም። እነዚህ ሰዎች ጥጃ ሳያስቀድሙ አያጠጡም። ይሄንን ማንም እረኛ ያውቃል፤ ያንን ደግሞ ማንም ገበሬ። ስለዚህ ሰውዬው እረኛም ገበሬም አይደለም። ለእሱ ከብት ሁሉ ከብት ነው።»

«በአገሩ የእርሻ በሬ ያለው እኔ ብቻ ነኝ?» አለ ኪሩቤል። «እነኤልሳዕ ምን ይጠምዳሉ? ፍየል?»

ከገበሬዎቹ መካከል የሳቀ የለም።

«የአቶ ኤልሳዕ በሬ ብቻውን ነው የቀረው። ጥማድ ያላቸው ጎረቤቶቹም ቢሆኑ በሬያቸው የሚበላው አገዳ ነው። የወይዘሮ ማሚቱ በሬዎች ፉርሽካ ይበላሉ፣ ከገመዳቸውም አልተፈቱም። የሰፋሪዎቹ ከብት በግራር ፍሬ ነው ያለው።» እንጨቷን ይዛ ሬሳው የነበረበት አጠገብ ያለውን እበት ገለበጠችው። «ይሄኛው አረንጓዴ ነው። ከቢጠና እስከ ብላቴ አረንጓዴ ሣር የሚበላ በሬ ያለው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀያዮቹ በሬዎች ዞረ።

«ሰርቆ የወሰዳቸው ይኖራል» አለ ኪሩቤል። አሁን ድምፁ ቀጥኗል።

«ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ ነው ብለኸኛል። ከታረሰ ወዲህ አልወጡም ብለኸኛል። ይሁን። ግን እግራቸውን እዩልኝ። በዚህ ሜዳ ላይ ያለነው ሁላችን፣ እኔም ጭምር፣ እስከ ጉልበታችን አቧራ ነን። የእነዚህ በሬዎች እግር ግን ታጥቧል። ሴቶቹ የልጅ ፊት የሚያጥቡበት ባጡበት ቀን፣ አንድ ሰው የበሬ ኮቴ ያጠበው ለምንድን ነው? ጭቃ ስለነበረበት ነው። በአገሩ ያለው ጭቃ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው።»

አንዲት ጄሪካን የያዘች ሴት ወደ በሬዎቹ ቀርባ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ለጎረቤቷ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ወሬው በሁለቱም ወገን እንደ እሳት ሄደ።

ፋኑኤል ከመኪናው ጀርባ ጭቃ የነካው ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ አምጥቶ መሬት ላይ ጣለ።

«ይሄ ከጉድጓዱ ዋና መስመር ተቀጥሎ ከኬሻው አጥር ሥር ይገባል» አለች። «የብላቴው ጎማ አፉ ላይ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ወንዙ ጎማውን ትቶ ከራቀ ቆይቷል። ሄኖክ ‹ውሃው የት እንደሚሄድ አሳያችኋለሁ› ሲል ገበሬው ሰፋሪውን መሰለው፣ ወይዘሮ ማሚቱ ራሷን መሰላት። እርስ በርስ ስትጠራጠሩ ነበርና አንዳችሁም ወደ መድረኩ አላያችሁም። የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። በትሩም ማንም ሊያነሳው በሚችልበት ግድግዳ ላይ ተረስቶ ነበር።»

ኪሩቤል ዙሪያውን አየ። መውጫ እንደሌለ ሲረዳ የተተኮሰ ሸሚዙ ውስጥ ያነሰ መሰለ።

«አንድ ቀን ብቻ ታገሰኝ አልኩት» አለ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ። ሣሩ ከደረቀ ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ እነዚህም ሰዎች ሜዳ ላይ ይቀራሉ አልኩት። ለእነሱ ብዬ ነው! እሱ ግን ጉድጓዱ ራሱ እየነጠፈ ነው፣ የተቆፈረበት ቦታ ስህተት ነው፣ ይሄንንም እናገራለሁ አለ። ገፋሁት። ገንዳው ጠርዝ ላይ ወደቀ። መግደል አልፈለግሁም።»

«እስከዚያ ድረስ ላምንህ እችላለሁ» አለች የትምወርቅ። «ከዚያ በኋላ ግን ሄደህ የሌላ ሰው በትር አመጣህ። በሬ ነዳህ። ከሬሳው ኪስ ቁልፍ አውጥተህ ቧንቧ ከፈትህ። ጠዋት ደግሞ ሽማግሌው ሲታሰር ቆመህ አየህ። ይሄ ሁሉ በመግፋት የሚሆን አይደለም።»

ፋኑኤል ካቴናውን አጠለቀለት። ሕዝቡ ሊጠጋው ሲል ሚሊሻዎቹ በማን ላይ እንደሚያነጣጥሩ ግራ ገብቷቸው ወዲያና ወዲህ ዞሩ። ኪሩቤል መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ በመስኮቱ ጮኸ፦ «ነገ በዚህች ገንዳ ይጋደላሉ! መሃል የቆምኩት እኔ ነበርኩ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ይጋደሉ ይሆናል» አለችው። «ያ የራሱ መዝገብ ይከፈትለታል።»

ማዴቦን ለቀቁት። አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም። እየሮጠ ወደ ወደቀችው ላም ሄዶ አንገቷን ዳሰሰ፣ ከዚያ ተነስቶ ከኤልሳዕ ፊት ቆመ። 

«ሰፋሪው እስኪለቅ ነበር ያልነው» አለ ኤልሳዕ፣ ለማዴቦ ሳይሆን ለየትምወርቅ። «ገዳዩ ሌላ ቢሆንም ውሃው ያው ነው። አይበቃም። ሄኖክ ራሱ አይበቃም ብሏል። ለነሱ ብከፍት የኔ ሰው ምን ይለኛል?»

«የተደበቀው ቧንቧ ተቆርጧል። ሣሩ ሲጠጣው የነበረው ዛሬ ገንዳ ውስጥ ይገባል። የነገውን እኔ አላውቅም፤ ማወቅም ሥራዬ አይደለም። ዛሬ ግን ቁልፉን ኪስህ ይዘህ እነዚህ ከብቶች ካለቁ፣ ማታ የማስራቸው ሰዎች ስም ውስጥ ያንተ ይቀድማል።»

ኤልሳዕ ወደ ኋላው ተመለከተ። የራሱ ሰዎች፣ ጄሪካን የያዙት ሴቶች ጭምር፣ ዓይናቸውን ሰብረው የታጠበውን የበሬ እግር ያያሉ። አንዲት አሮጊት በወላይትኛ አጭር ነገር ጣለችበት። ምን እንዳለችው የትምወርቅ አልገባትም፤ ፋኑኤልም ሊተረጉም አልፈለገም። ኤልሳዕ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ውሃው ወረደ። ከብቶቹ ገንዳዋን ሊገለብጡ ሲደርሱ ሶሲና ወጣቶቹ በትከሻቸው ገፍተው ያዟቸው፤ ጥጆቹ በመካከል ሾልከው ገቡ። በሌላው ቧንቧ የገበሬዎቹ ሴቶች ተሰለፉ። በሁለቱ ሰልፎች መካከል ስድብ ይመላለሳል፤ ማን እንደጀመረው፣ ማን እንደሚበዛ፣ ማን መጤ እንደሆነ።

ድንገት ፓምፑ አስሎ ቆመ።

ስድቡ ተቋረጠ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ፓምፑን ያስቆመው ሌላ ነገር ነው። ገበሬውም እረኛውም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከመሬት ሥር የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ። የሚሰማው የጥጆቹ መጠጣት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ፓምፑ አጉረመረመ፣ ተንገዳገደ፣ ቀጠነ ባለ ዥረት እንደገና ጀመረ።

ኤልሳዕ ዓይኑን ከቧንቧው ሳያነሳ ለማዴቦ በወላይትኛ ተናገረው። ይሄኛውን ፋኑኤል ሳይጠየቅ ተረጎመላት።

«‹ጥጆችህን ቶሎ ቶሎ አድርግ› ነው የሚለው።»